በኢፍጣርና በሱሑር መካከል የምትዋጥ ትንሽ ክኒን

በዛሬው የረመዳን ዓምዳችን ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተረስታ ስለምትቀር አንዲት ትንሽ ክኒን እናወጋለን፤ ስለ ፎሊክ አሲድ።

ፎሌት ከቢ ቫይታሚኖች አንዱ ነው። ፎሊክ አሲድ የምንለው ደግሞ ለክኒንና ለዱቄት ማበልጸጊያ የሚዘጋጀውን ዓይነት ነው። ስሙ “ቅጠል” ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ይህም በ1941 እ.ኤ.አ. ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ በመገኘቱ ነው። ሰውነታችን አዳዲስ ሕዋሳትንና ደምን ለመሥራት ያስፈልገዋል፤ ሲጎድል የደም ማነስ ይከተላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የጽንሱ ጉዳይ ነው። ወደ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚያድገው ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ውስጥ ነው። ያኔ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ቱቦው በደንብ ካልተዘጋ ሕፃኑ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ሊወለድ፣ እግሮቹም ላይታዘዙለት ይችላሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት፣ ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጽንስ በገጠማቸው እናቶች ዘንድ ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለመፀነስ ካሰበችበት ጊዜ አንስቶ እስከ 12ኛው የእርግዝና ሳምንት በቀን 400 ማይክሮግራም እንድትወስድ ይመክራል። ከዒድ በኋላ ሰርግ ያሰብን ቤተሰቦች ለሙሽራዋ ከምናዘጋጀው መካከል ይህቺን ክኒን ብንጨምር መልካም ነው። እርግዝናው እስኪታወቅ መጠበቅ ዘግይቶ መድረስ ነውና።

ጾም ገባ ብሎ ማቋረጥም አያስፈልግም። ክኒኑ በቀን አንዴ ስለሚዋጥ ከመግሪብ እስከ ፈጅር ያለው ጊዜ ይበቃዋል። ከአይረን ጋር የተቀላቀለ ከሆነ ግን ሻይና ቡና የአይረኑን ጥቅም ስለሚቀንሱ አራርቀን እንውሰደው። ነፍሰ ጡሯ ጾሙ ለራሷ ወይም ለልጇ የሚያሰጋት ከሆነም አፍጥራ ኋላ ቀዷ ለማውጣት ሩኽሳ እንዳላት አንዘንጋ።

ማዕዳችንም ያግዘናል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጎመን ፎሌት አላቸው። ነገር ግን ፎሌት በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ለሳምቡሳ የቀቀልነውን ምስር አጥልለን ውኃውን ስንደፋ አብሮ ይሄዳል። ያንን ውኃ ለሾርባው ብናውለው አይባክንም። ይሁንና ለመፀነስ ላሰበች ሴት ምግብ ብቻውን የክኒኑን ቦታ አይተካም።

ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ሕፃን የወለደች ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ እህት የሚያስፈልጋት መጠን ከፍ ያለ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ታማክር። በራስ ፈቃድ መጠኑን መጨመር ግን ደግ አይደለም፤ የቢ12 እጥረትን ሊሸፍን ይችላል።

ባሎች፣ እናቶችና አማቶች፣ ዛሬ ማታ ቴምሩ ሲቀርብ “ክኒኑን ወሰድሽ?” ብለን እንጠይቅ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ጤነኛ ልጆችም ይስጠን።