በካልሲ የተጠለለ ወርቅ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲነዳ፣ በረሃው መካከል ትዌንቲናይን ፓምስ የምትባል አነስተኛ ከተማ ትገኛለች። ስሟ «ሃያ ዘጠኝ ዘንባባ» ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚያውቃት በማሪን ጦር ሰፈሯና በጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ በር ላይ በመሆኗ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን የሱቆቿ ግድግዳ በታሪኳ ሥዕሎች ተሸፍኗል። አርአያ የሆነቻት የካናዳዋ ቼሜነስ ናት፤ ያቺ ከተማ የእንጨት መሰንጠቂያዋ በ1980ዎቹ ሲዘጋባት እንግዳ የሳበችው በግድግዳ ሥዕል ነበር።

ከሥዕሎቹ አንዱ «የቆሸሸ ካልሲ ሰፈር» የተባለውን የወርቅ ፈላጊዎች ሰፈር ያሳያል። ስሙ ቀልድ አይደለም። ዓለቱ ተፈጭቶ ባዜቃ ይጨመርበታል፤ ባዜቃው የወርቁን ብናኝ ይዞ እንደ ሊጥ ይሆናል። ሰዎቹ ያንን ሊጥ በካልሲያቸው ጨምቀው ያጠልሉታል፤ የቀረውን በእሳት ሲያግሉት ባዜቃው ይተናል፣ ወርቁ ይቀራል። ያ ትነት ነርቭ የሚጎዳ መርዝ ነው፤ ግድግዳ ግን ጭስ አይሸትም። ያም ሆኖ የባለ ሀብቱን ሐውልት ትተው የሠራተኛውን ካልሲ ማስታወሳቸውን ወድጄላቸዋለሁ። እኛም አገር አዶላና ሻኪሶ ወርቅ ሲወጣ ኖሯል፤ የቆፋሪውን ካልሲ ያከበረ ግድግዳ ግን አላየሁም።

ትርፉስ? ዛሬ ፓርክ በሆነው ምድር ወደ 300 የሚጠጉ ጉድጓዶች ተቆፍረው ያተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሎስት ሆርስ ከ1894 እስከ 1931 ከ10,000 አውንስ በላይ ወርቅና 16,000 አውንስ ብር ሰጥቷል። ከባለቤቶቹ አንዱ የነበረው ጆኒ ላንግ የሌሊት ፈረቃውን ሲመራ ግማሹን ሊጥ ይደብቅ ነበር ይባላል። ሽርካው ደርሶበት «ድርሻህን ሽጥ፣ አለዚያ እስር ቤት» አለው፤ ላንግም ሸጠ።

ስደትን ለምናውቅ ሰዎች የሚከብደው ግን የውሃው ነገር ነው። ዘንባባዎቹ ያሉበትን ምንጭ «ማራ» ብለው የሰየሙት ሴራኖ የተባሉት የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ በኋላ ቼሜዌቪዎችም አብረዋቸው ሰፈሩ። ወርቅ ፈላጊው መጣ፣ ከብት አርቢው ተከተለ፤ በ1913 ከምንጩ ዳር አንድም የነሱ ሰው አልቀረም።

ሥዕሎቹን ለማየት ክፍያ የለም፤ መንገድ ዳር ናቸው። የሎስት ሆርስን ወፍጮ በዓይኑ ማየት የሚሻ ፓርኩ ውስጥ ደርሶ መልስ 4 ማይል በእግር ይሄዳል። በበጋ አይሞከርም፤ በሌላውም ጊዜ ውሃ ሳይዙ እንዳይነሡ።