ከክትባት በኋላ በብብት ሥር ስለሚወጣ ንፍፊት

የኮቪድ-19 ክትባት ከወሰዱ በኋላ በተወጉበት ክንድ በኩል፣ በብብታቸው ሥር ንፍፊት የሚወጣባቸው ሰዎች አሉ። በዚህ ሰግቶ ቀጣዩን ዙር መተው አይገባም።

በሽታን የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከፊሎቹ ከደረት አጥንት ጀርባ ወደሚገኘው ታይመስ ወደተባለ ዕጢ ሄደው ባዕድን ከራስ አካል መለየት ይማራሉ። ከዚያም በጣፊያ፣ በቶንሲልና በሊምፍ ዕጢዎች ይሰፍራሉ። የሊምፍ ዕጢዎች ባቄላ መሰል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጡም። ከክንድ የሚመጣው ሊምፍ የተባለው ፈሳሽ ወደ ደም ከመመለሱ በፊት በብብት ዕጢዎች ያልፋል፤ በክትባቱ አማካይነት የተገኘው የቫይረሱ ፕሮቲንም በዚያው መንገድ ይደርሳቸዋል። በዕጢዎቹ ውስጥ የሰፈሩት ሕዋሳት ይህን ባዕድ ነገር ሲለዩ በፍጥነት ይባዛሉ፤ ፀረ እንግዳ አካላትንም ማምረት ይጀምራሉ። ዕጢው የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፤ ማሸትም ሆነ መብጣት አይገባም። ከ6 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እያደገ ከሄደ ወይም ክብደት መቀነስ ከታከለበት ግን፣ በአገራችን የዕጢ ቲቢ በብዛት ስለሚታይ፣ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ክትባቱን መቼና በየትኛው ክንድ እንደወሰዱም ለባለሙያው ይንገሩ።