ስለ ገጠር ማመላለሻና ስለ አምሳል ጥናት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዐባይን በረሃ ተሻግሮ በደብረ ማርቆስና በቡሬ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአዊ ዞንን ምድር ከቲሊሊ እስከ ዳንግላ ሰንጥቆት ያልፋል፤ ከእንጅባራም ላይ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ቻግኒ ይወርዳል። በእነዚህ መስመሮች ዳር ለሚኖር ሰው መኪና ማግኘት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ ከተመዘገበው 982,942 የአዊ ነዋሪ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 13 እንኳ የማይሞላ ስለ ነበረ፣ የቀረው ወገን ወደ ገበያ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ፍርድ ቤትም ሆነ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደው በመጀመሪያ በእግሩ፣ ቀጥሎ በፈረስ ወይም በጋሪ፣ ሲቀናውም በሚኒባስና በባጃጅ፣ ወይም በአይሱዙ ጭነት ላይ ተፈናጥጦ ነው። ይህን ጉዞ ለማሻሻል የሚወጣ ደንብ ሁሉ በሕዝቡ ላይ ከመታወጁ አስቀድሞ የሚፈተንበት አንድ ጥበብ በዘመናችን ተገኝቷል፤ ስሙም ሲሙሌሽን ወይም የአምሳል ጥናት ይባላል።

ስለ መንገዱ አስቀድሞ ጥቂት መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1997 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የኢትዮጵያ መንገድ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ከ110 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል፤ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለንተናዊ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስሄድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ ነው። የዚህም ፍሬ በጥናት ታይቷል። ስቴፋን ደርኮን፣ ዳንኤል ጊሊጋን፣ ጆን ሆዲኖትና ጣሰው ወልደሃና በ15 የኢትዮጵያ ገጠሮች ያሉትን ቤተሰቦች ለዓመታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክረምት ከበጋ የሚያስሄድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 የመቶኛ ነጥብ እንደሚቀንስና የፍጆታን ዕድገት በ16.3 ከመቶ እንደሚያሳድግ አመልክተዋል። ይሁን እንጂ መንገዱ ከተሠራ በኋላ በላዩ ላይ ማን፣ መቼ፣ በስንት ብር ይመላለስ የሚለው ጉዳይ ግሬደርና ጠጠር የማይፈታው፣ የመንግሥት ውሳኔን የሚጠይቅ ጉዳይ ነው።

በመናኸሪያዎቻችን የጸናው ልማድ መኪና ሞልቶ ይነሣል የሚለው ነው። ከአንዲት የገጠር መነሻ ወደ እንጅባራ የሚመላለስ፣ 12 መንገደኛ የሚይዝ አንድ ሚኒባስ አለ እንበል፤ በአዘቦት ቀን በየሩብ ሰዓቱ አንድ ሰው ወደ መነሻው ቢመጣ፣ ማለዳ ቀድሞ የገባው መንገደኛ አሥራ ሁለተኛው እስኪመጣ ድረስ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀመጣል፤ የ12ቱም መቆየት ተደምሮ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 82 ደቂቃ ተኩል ይደርሰዋል። ይህ ጊዜ በታሪፍ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፤ ረዳቱም ሒሳብ ሲሰበስብ አይቆጥረውም፤ ከመንገደኛው ዕድሜ ላይ ግን ይቀነሳል። ደንቡ ተለውጦ መኪናው በየሁለት ሰዓቱ ይነሣ ቢባል 8 ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ሕዝቡም ሰዓቱን ሲለምድ በመነሻው ላይ የሚቆየው እጅግ ጥቂት ይሆናል፤ ነገር ግን የ4 ባዶ መቀመጫ ዋጋ በባለ ንብረቱ ላይ ይወድቃል። በገበያ ቀን ደግሞ በየደቂቃው አንድ ሰው ቢመጣ መኪናው በ12 ደቂቃ ይሞላ ነበርና፣ ያው የሁለት ሰዓት ደንብ በዚያ ቀን ቢጸና 120 ሰው ለ12 መቀመጫ እንዲጋፋ ያደርጋል። እንግዲህ በአንድ ቀን መልካም የሆነው ሥርዓት በሌላው ቀን ጉዳት ይሆናል ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ እርሳስና ወረቀት ይበቃ ነበር። ዳሩ ግን ሰው በእኩል ልዩነት እየተራመደ አይመጣም፤ በሐምሌ ጎርፍ መሻገሪያውን ይዘጋል፤ ጎማ ይፈነዳል፤ የአንድ መንደር ሰው ለቀብር በአንድነት ይነሣል። እነዚህ ሁሉ ሲደራረቡ የሰው ልጅ ኅሊና ስሌቱን ሊዘልቀው አይችልም። መፍትሔውን ካመለከቱት ሊቃውንት አንዱ ስታኒስላቭ ኡላም ነው፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1946 ከሕመም ሲያገግም ብቻውን ካርታ እየተጫወተ ሳለ፣ የማሸነፍን ዕድል በቀመር ከመፈለግ ይልቅ ጨዋታውን መቶ ጊዜ ደጋግሞ ስንት ጊዜ እንደ ቀና መቁጠር እንደሚሻል አሰበ፤ ሐሳቡንም ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ተመካክሮ በጊዜው አዲስ በነበረው በኤንያክ ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራበት መንገድ ከፈተ። ኮምፒዩተሩ ለእያንዳንዱ ክስተት ዕጣ ያወጣል፤ አንዱን የጉዞ ቀን ሺህ ጊዜ ይደግመዋል፤ ከሺው ውስጥም መንገደኛው በስንቱ ሳይሳፈር እንደ መሸበት ይነግረናል። ገበሬ አዲስ የድንች ዘር ሲመጣለት ማሳውን ሁሉ ከመሸፈኑ በፊት በአንድ ጥግ ተክሎ እንደሚያየው፣ አስተዳዳሪም ደንቡን በዚህ የአምሳል አገር ላይ አስቀድሞ ሊያየው ይችላል።

ለማመላለሻ ጥናት ዛሬ በሰፊው ከሚሠራባቸው መሣሪያዎች አንዱ በበርሊን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲና በዙሪክ የስዊስ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ሊቃውንት የተገነባው፣ ማንም ሳይከፍል የሚጠቀምበት ማትሲም ነው። በማትሲም ውስጥ ሕዝብ በጅምላ አይቆጠርም፤ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት ሰዓት፣ የሚደርስበት ቦታና የሚመለስበት ጊዜ ተጽፎለት ቀኑን ይኖራል፤ ቀኑ ሲያልቅም ያተረፈውና የከሰረው ጊዜ ይመዘንለታል፤ በሚቀጥለው ዙር ሰዓቱን ወይም መኪናውን ለውጦ ይሞክራል፤ እንዲህ እየተደጋገመ ነገሩ ሁሉ ወደ መርጋት ይደርሳል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በደቡብ አፍሪካ፣ በኔልሰን ማንዴላ ቤይ ከተማ ላይ የተደረገው ጥናት ነው፤ በዚያ የሚኒባስ ባለ ንብረቶችም በአምሳሉ ውስጥ ገብተው፣ የሚያተርፈውን መስመር ሲይዙና የሚያከስረውን ሲተዉ ይታያሉ። የእኛም የገጠር መስመር የሚራቆተው በዚህ ምክንያት ነውና፣ የአሽከርካሪውን ጥቅም ያልቆጠረ ጥናት ለአዊ አይረባም ብዬ አምናለሁ።

በመንግሥት ውሳኔ በኩልም ይህ ጥበብ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። መቀመጫው በሄልሲንኪ የሆነው የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የልማት ኢኮኖሚክስ ምርምር ተቋም ከኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ተባብሮ ያዘጋጀው ኢትሞድ የተባለ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም በጥናት የተሰበሰበውን የቤተሰቦች መረጃ ይዞ፣ የግብርና የሴፍቲኔት ደንቡን በእያንዳንዱ ቤተሰብ ላይ ያሰላል፤ ደንቡ ቢለወጥ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳም አስቀድሞ ያሳያል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ለሁሉ መሆኑ ቀርቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች የታለመ እንዲሆን በተጀመረ ጊዜ ለእንዲህ ያለ ምርመራ ትልቅ በር ተከፍቷል። ድጎማው በገጠር መስመር በሰዓቱ ለሚነሣ መኪና ከፍ ቢልስ? ቀደም ብለን ያየናቸውን የ4 ባዶ መቀመጫዎች ዋጋ ለመሸፈን ስንት ብር ይበቃል? ከዋናው መስመር ስንት መኪና ይስባል? ይህን ሁሉ አሽከርካሪውንም መንገደኛውንም ሳያጉላሉ በአምሳል መመርመር ይቻላል።

ሆኖም ማትሲምን የመሰለ ከአውሮፓ የመጣ መሣሪያን እንዳለ መቀበል አይገባም። ሊቃውንቱ ሲሠሩት ያሰቡት መኪናን፣ አውቶቡስንና ቢስክሌትን ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን አስጊጦ ለሚያከብር የአዊ ሕዝብ ግን ፈረስ ከበዓል ጌጥነቱ ሌላ የሥራ ማመላለሻም ስለ ሆነ፣ ፈረስና ጋሪ በስሌቱ ውስጥ ፍጥነታቸውና ወጪያቸው ተለክቶ መግባት አለባቸው። ከዚህ የሚከብደው ግን የመረጃው ነገር ነው። በመናኸሪያ የሚገኘው መዝገብ የሚያሳየው የተጓዘውን ሰው ብቻ ነው፤ ምጥ ይዟት መኪና በማጣት በቤቷ የቀረችው እናት፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሩቅ ስለ ሆነባት ትምህርቷን የተወችው ልጃገረድ፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ አስበው አቅም ያጡት ሽማግሌ በዚያ መዝገብ ላይ የሉም። በእርሱ ብቻ የተሠራ አምሳል ‹ከዚህ ቀበሌ መንገደኛ የለም፤ መኪናም አያስፈልግም› ብሎ ይፈርዳል፤ ግፉንም በቁጥር ያጸናዋል።

ስለዚህ ከኮምፒዩተሩ የሚቀድመው የቤት ለቤት ጥያቄ ነው። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በክረምትም በበጋም ወደ ቀበሌዎቹ ወጥተው፣ በአማርኛም በአዊኛም፣ የት ሄድክ ከሚለው ጋር ባለፈው ወር ልትሄድ ፈልገህ የቀረህበት ቦታ የት ነው፣ ያስቀረህስ ገንዘብ ነው፣ ሰዓት ነው፣ ጎርፍ ነው ወይስ የመንገድ ሥጋት ብለው ቢጠይቁ፣ ሚስትንም ባልንም ለየብቻ ቢጠይቁ፣ በገበያና በአዘቦት ቀንም በየመነሻው ቆመው መንገደኛው የመጣበትንና የተሳፈረበትን ሰዓት ቢመዘግቡ፣ የዞኑ የስምሪት ኃላፊዎች የሚያወጡት ደንብ በምን ላይ እንደሚቆም ያውቃሉ።