የገረጣ ቅጠል ምን ይነግረናል? በግሪን ሃውስ ቲማቲም ላይ የሚታዩ የቅጠል ምልክቶች አመራመር



የዛሬው ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ የቲማቲም ቅጠል ለምን ይገረጣል? ይህን ርዕስ የመረጥሁት፣ ተበድረው የላስቲክ ቤት ሠርተው አትክልት ማልማት የጀመሩ ወጣቶች ቅጠል ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ፣ አብዛኞቹ አስቀድመው «ዩሪያ ጨምሩበት» የሚል ምክር ሰምተው ስለሚመጡ ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ይሆናል። ትክክል ባልሆነ ጊዜ ግን ጉዳቱ የማዳበሪያው ዋጋ ብቻ አይደለም። ጨው በሥሩ ዙሪያ ይከማቻል፤ እውነተኛው ችግር ሳይነካ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ብድሩ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ቅጠል ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ያየውን ይናገራል፤ ፍርዱን የምንሰጠው ግን ሥሩን፣ ውኃውንና አካባቢውን ከመረመርን በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምልክቱ የት ጀመረ የሚለው ነው። ለዕፅዋት አስፈላጊ መሆናቸው ከታወቀው 17 ንጥረ ነገሮች ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከአየርና ከውኃ ይገኛሉ። የቀሩት 14ቱ በአብዛኛው በሥር በኩል ይገባሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በተክሉ ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ በቀላሉ ይዘዋወራሉ፤ ሌሎቹ አንድ ጊዜ ከገቡበት ቅጠል አይወጡም። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ተዘዋዋሪዎች ናቸው። እጥረት ሲደርስ ተክሉ፣ እናት ከራሷ ጉርሻ ቀንሳ ለልጇ እንደምታጎርስ ሁሉ፣ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለለጋው ይሰጣል። ስለዚህ ምልክቱ ከታች ይጀምራል። ካልሲየም፣ ቦሮንና ብረት ግን እንዲህ አይመለሱም። የእነርሱ እጥረት የሚታየው ከላይ፣ በለጋው ቅጠልና በእምቡጡ ላይ ነው። አንድ ቅጠል ተቆርጦ በፌስታል ሲመጣልኝ መልስ ለመስጠት የምቸገረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ከተክሉ ላይ የት እንደነበረ አይነግረኝምና።

ሁለተኛው ጥያቄ የመገርጣቱ መልክ ምን ይመስላል የሚለው ነው። ለቅጠል አረንጓዴነት የሚሰጠው ሐመልማል ወይም ክሎሮፊል በእያንዳንዱ ሞለኪዩል ውስጥ አንድ የማግኒዥየምና አራት የናይትሮጅን አቶሞች አሉት። የሁለቱም እጥረት አሮጌውን ቅጠል ያገረጣል፤ አገራረጡ ግን ይለያያል። ናይትሮጅን ሲጎድል ቅጠሉ በሙሉ በእኩልነት ይገረጣል። ማግኒዥየም ሲጎድል ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ ይቆዩና በመካከላቸው ያለው ገጽ ቢጫ ይሆናል። ፖታሲየም ሲጎድል የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ እሳት እንደላሰው ይደርቃል። ፎስፈረስ ሲጎድል ተክሉ ይቀጭጫል፤ በቲማቲም ላይ የቅጠሉ ጀርባ ወደ ሐምራዊነት ያደላል። የብረት እጥረት ደግሞ በለጋው ቅጠል ላይ በቢጫ መደብ ላይ እንደተዘረጋ አረንጓዴ መረብ ሆኖ ይታያል። ብረት የሐመልማል አካል ባይሆንም፣ ያለ እርሱ ሐመልማል አይሠራም።

እዚህ ላይ ብናቆም ፍርዳችን የችኮላ ይሆናል። ሦስተኛውና በብዙዎች ዘንድ የሚዘለለው ጥያቄ፣ ንጥረ ነገሩ የለም ወይስ ተክሉ ሊያገኘው አልቻለም የሚለው ነው። ጎተራው ሞልቶ ቁልፉ ሲጠፋ ቤተሰቡ መራቡ አይቀርም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያሉ ብዙ የከርሰ ምድር ውኃዎች ባይካርቦኔት የበዛባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ውኃ በየቀኑ ሲጠጣ የአፈሩን ፒኤች ከፍ ያደርገዋል። ፒኤች በአንድ አሐድ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው ፈሪክ ብረት በ1000 እጥፍ ገደማ ይቀንሳል። አፈሩ ብረት ሞልቶት ተክሉ በብረት እጦት ይገረጣል ማለት ነው። ያለ አፈር በሚካሄድ ልማት ፒኤች ከ5.5 እስከ 6.5 እንዲሆን የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ዩሪያ ቢጨመር ብረት አያመጣም። ከዩሪያ የሚገኘው አሞኒየም ሲበዛም ካልሲየምና ማግኒዥየም ወደ ሥር እንዳይገቡ ይሻማቸዋል።

ካልሲየምም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጠናል። የቲማቲም ፍሬ ከሥሩ በኩል ሲጠቁር ብዙዎች ካልሲየም ፍለጋ ይሄዳሉ። ካልሲየም የሚጓዘው ግን ውኃ ተከትሎ ነው። አንድ ቀን ተጥለቅልቆ ሦስት ቀን የሚደርቅ ተክል በካልሲየም ሀብታም አፈር ላይ ሆኖ ይቸገራል፤ መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ የውኃ አሰጣጡን ማስተካከል ነው። በደጋ አገር ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሥሩ በብርድ ምክንያት ፎስፈረስ መሳብ ይሳነዋል። ሐምራዊው ቅጠል ያን ጊዜ የሚለምነው ሙቀት ነው።

ስለዚህ ሥሩን እንይ። ከዳር ካሉት ተክሎች አንዱን በቀስታ ነቅላችሁ ተመልከቱ። ጤነኛ ሥር ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። ቡናማ ሆኖ የሚላጥና የሚሸት ከሆነ ችግሩ የውኃ መብዛት ወይም የሥር መበስበስ ነው። አፈሩ ረጥቦ ሳለ ቅጠሉ ከጠወለገ ውኃ መጨመር ሕመሙን ያባብሰዋል።

አራተኛው ጥያቄ ጉዳዩ ከነጭራሹ የምግብ ነው ወይ የሚል ነው። የምግብ እጥረት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ውኃ በሚጠጡ ተክሎች ላይ በተመሳሳይ መልክ ይታያል። አንዱ ታምሞ ጎረቤቱ ጤነኛ ከሆነ፣ ወይም ምልክቱ ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ከተስፋፋ፣ ተባይን ወይም በሽታን እንጠርጥር። ቅጠሉን ገልብጡ። ነጭ ወረቀት ከሥሩ ይዛችሁ መታ መታ አድርጉት፤ የሚንቀሳቀሱ ደቃቅ ነጥቦች ከወደቁ ሸረሪት መሰል ተባይ ሊሆን ይችላል። ለጋው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደ ላይ ከተጠቀለለና ነጭ ዝንብ ካለ፣ በዝንቡ የሚተላለፈውን ቫይረስ መጠርጠር ይገባል። ለዚህ ማዳበሪያም ሆነ ርጭት ፈውስ አይሆንም። የታመመውን ተክል ማስወገድና ዝንቡን መከላከል ብቻ ነው የሚቻለው።

በመጨረሻ ጥርጣሬያችንን በሙከራ እናረጋግጥ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ፈረንሳዊው ኤውዜብ ግሪ የገረጡ ቅጠሎችን በብረት ጨው ውኃ በማከም አረንጓዴነታቸው እንደሚመለስ አሳየ። ይህ ዘዴ ዛሬም ያገለግላል። 5 ግራም ፈረስ ሰልፌት በ1 ሊትር ውኃ አሟሙ። የአንዱን ለጋ ቅጠል እኩሌታ ብቻ ቀቡና ሌላውን እኩሌታ ተዉት። በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ የተቀባው ብቻ ከለመለመ ጥርጣሬው ተረጋገጠ። ለናይትሮጅንም እንዲሁ ነው። ለጥቂት ተክሎች ስጡ፣ ለጥቂቶቹ ከልክሉ፣ ከዚያ አወዳድሩ። የተጎዳው አሮጌ ቅጠል ላይመለስ ስለሚችል፣ ፈውሱን በአዲስ በሚወጣው ቅጠል መዝኑ።

ተማሪዎቼ፣ ነገ ባለሙያ ተብላችሁ ወደ ገበሬው ስትሄዱ ፈጣን መልስ ይጠበቅባችኋል። «መጀመሪያ ተክሉን ከነሥሩ ልየው፤ ውኃውንም ልለካ» ማለት አለማወቅ አይደለም። የሰውየው ገንዘብና የአንድ ወቅት ድካሙ በዚያ መልስ ላይ የተንጠለጠለ ነውና።