የባሕር ማዶው ገንዘብ በየት በኩል ሳንጃ ይደርሳል?

ከኮሮና ገደብ መላላት ወዲህ የስደተኛው ኑሮና የሐዋላው ገበያ

ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ በሰሊጥ፣ በጥጥና በማሽላ ትታወቃለች። የከተማዋ ገበያ ላይ የሚዞረው ገንዘብ ግን ሁሉም ከማሳ የሚወጣ አይደለም። ከፊሉ በሪያድ፣ በቤይሩት፣ በቴልአቪቭ ወይም በዋሽንግተን ተሠርቶ የሚመጣ ነው። ይህ ገንዘብ በየትኛው ወር፣ በየትኛው መንገድና በስንት ብር ተመንዝሮ እንደሚደርስ ማወቅ ለነጋዴው የሰሊጥ ዋጋን የማወቅ ያህል ይጠቅማል። የኮሮና ወረርሽኝ ያስከተለው መዘጋት፣ ከዚያም የገደቡ መላላት፣ የዚህን ገንዘብ አካሄድ በግልጽ አሳይቷል።

በሩ ሲዘጋ

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአሥረኛው ቀን የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። ሳዑዲ ዓረቢያም በዚያው ሰሞን ዓለም አቀፍ በረራዎችን አቋርጣ ነበር። የዓለም ባንክ በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. ባወጣው ትንበያ፣ ወደ ታዳጊ አገሮች የሚላከው ሐዋላ በ20 በመቶ ይቀንሳል ብሎ ነበር። ዓመቱ አልቆ ሒሳቡ ሲሠራ ግን የ2020 እ.ኤ.አ. ሐዋላ 540 ቢሊዮን ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ከቀዳሚው ዓመት 548 ቢሊዮን ዶላር የቀነሰው በ1.6 በመቶ ብቻ ነው።

ሠራተኛው ሥራ እየፈታ ገንዘቡ እንዴት ሳይቀንስ ቀረ? አንደኛው ምክንያት ስደተኛው ወገኑ እንዳይቸገር ከቁጠባው ቀንሶ መላኩ ነው። ሁለተኛው ግን ገበያውን ይበልጥ ይመለከታል። ቀድሞ በተጓዥ ኪስና ሻንጣ ይገባ የነበረው ዶላር አውሮፕላን ሲቆም መንገድ አጣ። ገንዘቡም ተቆጥሮ በሚያልፍበት በባንክና በሐዋላ ድርጅቶች በኩል መጣ። ስለዚህ በመዝገብ ላይ የታየው ሐዋላ ከፊሉ አዲስ ገንዘብ ሳይሆን መንገድ የቀየረ ገንዘብ ነበር።

በዚያው ወቅት አስመጪውም ወደ ዱባይ ሄዶ ዕቃ መጫን አልቻለም ነበር። በጥቁር ገበያ ዶላር የሚፈልገው በዋናነት አስመጪው ስለሆነ፣ እሱ ሲቀዘቅዝ ገበያውም ይቀዘቅዛል።

ስደተኛው በሰው አገር

የጎንደርና የአካባቢው ሰው በውጭ አገር ያለው ወገን አንድ ዓይነት አይደለም። ወረርሽኙም ሆነ የገደቡ መላላት ሁሉንም እኩል አልነካቸውም።

በሳዑዲ ዓረቢያ የሚሠራው ሰው ገና ወረርሽኙ ሳይረግብ የኑሮ ውድነት ገጠመው። መንግሥቱ የነዳጅ ገቢው ስላሽቆለቆለ፣ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጨማሪ እሴት ታክስን ከ5 ወደ 15 በመቶ አሳደገ። ቀድሞ ታክሱን ጨምሮ 105 ሪያል ይሸጥ የነበረ ዕቃ 115 ሪያል ገባ ማለት ነው። ቤተሰብ ይዞ የሚኖረው የውጭ ዜጋ ደግሞ በእያንዳንዱ ጥገኛ የሚከፈለው የወር ክፍያ በ2017 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 100 ሪያል ተነሥቶ በ2020 እ.ኤ.አ. 400 ሪያል ደርሶበታል። ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት ሠራተኛ በዓመት 14,400 ሪያል ለዚህ ብቻ ይከፍላል። ብዙዎች ቤተሰባቸውን ወደ አገር ልከው ብቻቸውን መኖርን የመረጡት በዚህ ስሌት ነው።

በመጋቢት ወር 2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የሠራተኛ ማሻሻያ፣ ሠራተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይርና ከአገር እንዲወጣ በር ከፍቷል። ሆኖም የቤት ሠራተኞችን አላካተተም። ከኢትዮጵያ የሚሄዱት ሴቶች አብዛኞቹ የሚሠሩት በቤት ውስጥ በመሆኑ በሩ ለእነርሱ እንደተዘጋ ቀርቷል።

በሊባኖስ የነበሩት ደግሞ ሁለት እሳት ነድዶባቸዋል። ለዓመታት በ1,507 ሊራ ለአንድ ዶላር ታስሮ የነበረው ገንዘብ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች ደመወዝ በዶላር መክፈል አቃታቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. የበጋ ወራት የቤት ሠራተኞች በቤይሩት የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ተጥለው ታይተዋል።

በእስራኤል የሚኖሩት የጎንደር ተወላጆች ዜግነት ያላቸው በመሆኑ ከሥራ ቢቀሩም የመንግሥት ድጋፍ አልተለያቸውም። በወረርሽኙ መካከልም ቢሆን፣ በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከጎንደርና ከአዲስ አበባ የሚጠባበቁ ወገኖችን የማጓጓዝ ሥራ ተጀምሮ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ 2,000 ያህል ሰዎች ሄደዋል።

ገደቡ ሲላላ

ሳዑዲ ዓረቢያ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ከኢትዮጵያ ጋር የሚደረገውን ጉዞ በድጋሚ ካገደች በኋላ፣ አብዛኛውን የኮሮና ገደብ ያነሣችው የካቲት 26 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ከኢትዮጵያ የሚደረገው ቀጥታ በረራም በዚሁ ውሳኔ ተፈቀደ። የበሩ መከፈት ግን ለሁሉም የምሥራች አልነበረም። በቀጣዩ በመጋቢት ወር፣ ሁለቱ መንግሥታት በተስማሙት መሠረት ሕጋዊ ፈቃድ የሌላቸውን 100 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን የመመለስ ዘመቻ ተጀመረ። ለላኪው ቤተሰብ ይህ ማለት በየወሩ ይመጣ የነበረው ገንዘብ መቋረጡና የሚበላ አንድ ሰው መጨመሩ ነው።

በሌላ በኩል ዳያስፖራው መምጣት ጀመረ። ለ2014 ዓ.ም. ገና ወደ አገር ቤት እንዲገቡ በተላለፈው ጥሪ የመጡት ብዙዎች ለጥምቀት ጎንደር ደርሰዋል። ሆቴሉ፣ ባጃጁና የጥበብ ነጋዴው ገበያ አገኙ። ይሁን እንጂ ሰው ሲመጣ ሻንጣውም አብሮት ይመጣል፤ በመዘጋቱ ዘመን ባንክ ገብቶ የነበረው ዶላር ወደ ቀድሞ መንገዱ የሚመለስበት ዕድል ተከፈተ። አስመጪውም እንደገና ዱባይ መመላለስ ያዘ።

ልዩነቱ ሲሰላ

ሪያል ለዶላር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 1,000 ሪያል 266 ዶላር ከ67 ሳንቲም ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ ዶላር በባንክ 32 ብር ገደማ ሳለ ይህ ገንዘብ 8,500 ብር አካባቢ ያወጣ ነበር። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ባንኩ 57 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ሲከፍል 15,300 ብር ይደርሳል። በዚያን ጊዜ ጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ይከፍል ስለነበር፣ ያው 1,000 ሪያል ከ26,600 ብር በላይ ያስገኛል። ልዩነቱ ከ11 ሺህ ብር በላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሪያድ ያለው ደላላ ሪያሉን ይቀበላል፤ ገንዘቡ ድንበር አይሻገርም። አስመጪው በዚያ ሪያል በዱባይ ዕቃ ይገዛል፤ የደላላው ሸሪክ ጎንደር ላይ ለቤተሰቡ በብር ይከፍላል። ላኪው በልጦ ያገኛል፤ አገር ግን የውጭ ምንዛሪውን አታይም፤ ደላላው ቢሰወርም ላኪው የሚከስበት ደረሰኝ የለውም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ ያሰበው ይህን ልዩነት ማጥበብ ነው። በነሐሴ ወር የባንኩ ዋጋ ራሱ ከ100 ብር አልፏል።

ለሳንጃ ምን ማለት ነው?

ሰሊጥ የሚዘራው በሰኔና በሐምሌ፣ የሚታጨደው ከመስከረም ጀምሮ ነው። አራሚና አጫጅ ደግሞ ዱቤ አያውቅም። እጁ ባዶ የሆነ ገበሬ በአረም ወቅት ያልደረሰ ሰብሉን በርካሽ አስቀድሞ ይሸጣል፣ ወይም በከባድ ወለድ ይበደራል። ከባሕር ማዶ የሚላክ ገንዘብ ያለው ግን የጉልበት ሠራተኛውን ከፍሎ፣ ሰሊጡን አስገብቶ፣ ዋጋ እስኪሻል ይጠብቃል። በመሆኑም ሐዋላው የሚቀይረው የቤተሰቡን ጓዳ ብቻ ሳይሆን ምርቱ በየትኛው ወር ለገበያ እንደሚቀርብም ጭምር ነው።

የሱዳን በርም አብሮ ይታያል። በመተማ በኩል የሚመላለሰው ሰውና ገንዘብ በወረርሽኙ ከተቋረጠ በኋላ ቢከፈትም፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም የፈነዳው ጦርነት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በዚያው መንገድ ባዶ እጃቸውን መልሷቸዋል።

እንግዲህ በሰሊጥ ላይ ገንዘቡን ለሚያውል ነጋዴ ሦስት ነገሮችን መከታተል ይበጃል፤ በባንክና በውጭ ገበያ መካከል ያለውን የዶላር ልዩነት፣ ሳዑዲ በመኖሪያ ፈቃድ ላይ የምታወጣውን ደንብ፣ እንዲሁም ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሐዋላ። በእነዚያ ወራት ሐዋላው ከሳሳ፣ በመኸር ሰሊጥ ቶሎና በብዛት ለገበያ ይወጣል፤ ዋጋውም ይወርዳል። ሐዋላው ከበረታ ደግሞ ገበሬው እህሉን ስለሚይዝ፣ ቀድሞ ያልገዛ ነጋዴ ውሎ አድሮ በውድ ይገዛል።