«የማን ትዝታ?»

ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ገብቶ «ትዝታ አለ?» ያለ ሰው፣ ሸክላው ወይም ካሴቱ ከመደርደሪያ ከመውረዱ በፊት «የማን?» መባሉ አይቀርም ነበር። የካሣ ተሰማን ነው የማሕሙድን? የበዛወርቅን ነው የአስቴርን? ቅኝቱ አንድ ነው፤ ዜማውም ከአንዱ ወደ ሌላው ያን ያህል አይርቅም። ገዢው የሚመርጠው አንዱ ድምፁን የት ላይ እንደሚያቆየው፣ ሌላዋ የት ላይ እንደምትቆርጠው፣ ማን ቸኩሎ ማን ተረጋግቶ እንደሚወርድ ነው። በካሣ ክራርና በማሕሙድ ባንድ መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባ የለም።

የሶናታና የኮንቸርቶ ቅጂ የሚሰበስብ ሰውም ጉዳዩ ይኸው ነው። ኖታው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ተጽፎ አልቋል፤ እሱ የሚፈልገው ማን እንዴት እንደተጫወተው ነው። ስለዚህ «ክላሲካል አይገባኝም» የሚል የአዲስ አበባ ሰው ሲያጋጥመኝ አላምነውም። ከባዱን ችሎታ ይዞ ነው የመጣው፤ የቀረው ዜማው ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ብቻ ነው።

ሶናታ ለአንድ መሣሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለፒያኖ፣ ወይም ለሁለት፣ ለምሳሌ ለቫዮሊንና ለፒያኖ የሚጻፍ ድርሰት ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ክፍል አለው። ለእኛ ጆሮ የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ትዝታ ከአምስቱ ድምፆቹ አይወጣም፤ ዘፋኙ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመጣል፣ በመጣ ቁጥር ጌጡን ይለውጣል። ሶናታ ግን ከተነሳበት ድምፅ ለቆ ይሄዳል። አንድ ዜማ ያሰማና ወደ ሌላ መነሻ ድምፅ ተሻግሮ ሁለተኛ ዜማ ይጨምራል። ከዚያ ሁለቱን እየቆራረሰ ከቦታ ቦታ ያንከራትታቸዋል። በመጨረሻ ይመለሳል፤ ሁለቱም ዜማ አሁን በአንድ መነሻ ላይ ይሰማል። የመጀመሪያውን ዜማ በቃሉ ያልያዘ አድማጭ መመለሱን አያውቅም፤ ስለዚህ ይሰለቻል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የመጀመሪያውን ግማሽ ደቂቃ ሦስት አራቴ ደጋግሞ ሰምቶ ማንጎራጎር እስኪቻል ድረስ አለመቀጠል።

ለዚህ የሚመቸው ሞዛርት በ1788 (ዓመተ ምሕረቶቹ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለጀማሪዎች ብሎ የጻፈው የሲ ሜጀር ሶናታ፣ ቁጥር 545 ነው። ፒያኖ ትምህርት የጀመረ ልጅ ካለበት ቤት ጎረቤት የኖረ ሰው ሳያውቀው ሰምቶታል። ሞዛርት እዚህ አንድ ተንኮል ሠርቷል፤ ዜማው ተመልሶ ሲመጣ በተነሳበት በሲ ላይ ሳይሆን በኤፍ ላይ ነው። ቤቱ የደረሰ መስሎት ጎረቤት በር ያንኳኳል፤ ከዚያ ነው ወደ ራሱ ደጅ የሚዞረው።

አሁን ወደ «የማን?» እንመለስ። የቤትሆቨን «የጨረቃ ብርሃን» የተባለው ሶናታ የተጻፈው በ1801 ነው፤ ስሙን ግን ደራሲው አያውቀውም። ከሞተ በኋላ ሉድቪግ ሬልሽታብ የተባለ ሐያሲ ያወጣለት ነው። ቤትሆቨን በመጀመሪያው ክፍል አናት ላይ የጻፈው ድምፁ ሳይታፈን፣ ማለትም ፔዳሉ ተረግጦ፣ በጣም በስሱ ይጫወት የሚል ነው። በእሱ ዘመን የፒያኖ ድምፅ ቶሎ ይሞት ስለነበር ይህ አያስቸግርም። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ ግን ድምፁን ስለሚያቆይ ትእዛዙን በቀጥታ የፈጸመ ሰው ሁሉንም ነገር ጉም ያደርገዋል። አብዛኞቹ ፔዳሉን እየለቀቁ እየረገጡ ያጠሩታል። ሃንጋሪያዊው አንድራሽ ሺፍ ግን የተጻፈውን አክብሮ፣ ከለመድነውም ፈጠን አድርጎ ይጫወተዋል። ከእሱ ቀጥሎ የቪልሄልም ኬምፕፍን ቅጂ የሰማ ሰው በአንድ ኖታ ሁለት ሙዚቃ ይሰማል። እኔ የኬምፕፍ ነኝ፤ የሺፍን ግን ሳልሰማ ብቀር ኖሮ የኬምፕፍ አጨዋወት ምርጫ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የሠላሳ ሁለቱንም የቤትሆቨን ፒያኖ ሶናታዎች መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ያስቀዳው አርቱር ሽናበል ነው፤ ለንደን ውስጥ ከ1932 እስከ 1935። የዚያን ጊዜ ሸክላ አንድ ፊቱ ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ስለዚህ ረጅሙ ክፍል መሃል ላይ ተቆርጦ ሸክላው ይገለበጣል። ሽናበል የሳታቸው ኖታዎች በቅጂው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ያኔ ቆርጦ መቀጠል አይቻልም ነበር። ሆኖም ከእሱ ወዲህ ንጹሕ ሆነው ከተቀዱት ብዙዎቹ ይልቅ ሰው የሚመለስበት እሱ ነው። የእኛም ከተማ የጊዜ እጥረቱን ታውቀዋለች። አምኃ እሸቴ በ1969 አምኃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ሸክላው ውጭ አገር ታትሞ ነበር የሚመጣው። ባለ 45ቱ ትንሽ ሸክላ አንድ ፊት ላይ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የረዘመ ዘፈን ማጠር አለበት፣ አለዚያ ለሁለት ፊት ይከፈላል።

የአውሮፓ ሙዚቃ ለአራዳ እንግዳ አይደለም። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች በ1924 ከሙዚቃ መሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ነበር የገቡት፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ የማዘጋጃ ቤቱን ሙዚቃ ክፍል መርቷል። ዛሬ ብዙው ፒያሳ በ2024 ከፈረሰ በኋላ የሙዚቃ ቤቶቹን ቦታ ማሳየት ለቀድሞ ደንበኛም ያስቸግረዋል።

ከዚህ ከተማ ተነስቶ ሶናታ መስማት የፈለገ ሰው ግን ከቪየና ይጀምር አልልም። ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ይጀምር። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ በ1923 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊን ተማሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። በኋላ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ተማሩ፤ ሰውየውም አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛን ሙዚቃ መርቷል። እሳቸው ግን በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። የመጀመሪያ ሸክላዎቻቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታተሙ፤ ገቢው ለበጎ አድራጎት ነበር። ዓለም የሰማቸው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ 21ኛ ቅጽ በ2006 ነው። ከ1984 ጀምሮ በኖሩባት በኢየሩሳሌም በ2023 ዐረፉ።

የእሳቸው ድርሰቶች ሶናታ አይደሉም፤ አጫጭር ናቸው። ጆሮን ግን ለሶናታ ያሰለጥናሉ። «ዘ ሆምለስ ወንደረር» (ቤት አልባው መንገደኛ) የተባለውን ይስሙ። ግራ እጃቸው በቀስታ እየረገጠ ይሄዳል፤ ቀኝ እጃቸው ግን አይጠብቀውም፤ ይዘገያል፣ ድምፁን ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ተጣድፎ ይደርሳል። ቅኝቱ የእኛ ነው፤ እጁ ሾፓንን የተማረ እጅ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ የግርማ ይፍራሸዋን «አምባሰል» ማድመጥ ይቻላል። ግርማ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሶፊያ የተማረ ነው፤ ድርሰቱ በ2014 «ላቭ ኤንድ ፒስ» በሚል አልበም ወጥቷል። የእሱ አምባሰል እንደ መድረክ ድርሰት ይገነባል፣ ይጮኻል፣ ይበርዳል። የእማሆይን ብቻውን የቀረ ሰው ድምፅ ለለመደ ጆሮ መጀመሪያ ላይ ብዙ ይመስላል።

ኮንቸርቶ ብቸኛ ተጫዋችና ኦርኬስትራ የሚገናኙበት ነው። የቤትሆቨን አራተኛው የፒያኖ ኮንቸርቶ፣ እሱ ራሱ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ታኅሣሥ 1808 ቪየና ላይ ለሕዝብ ያሰማው፣ ከልማዱ በተለየ በኦርኬስትራ አይጀምርም፤ ፒያኖው ብቻውን፣ በለሆሳስ ይከፍተዋል። ሁለተኛው ክፍል አምስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ ኮንቸርቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ይጀምር። ባለ አውታሮቹ ባንድ ድምፅ ይቆጣሉ። ፒያኖው ይለምናል። እንደገና ይቆጣሉ፤ እሱ ድምፁን አይጨምርም። ቀስ በቀስ የሚበርዱት እነሱ ናቸው። የቀዱት ፒያኒስቶች ብዙ ቢሆኑም እዚህ ላይ ሁሉም የሚፈተነው በአንድ ነገር ነው፦ ምን ያህል ቀስ ብሎ መናገር እንደሚደፍር።

በብዙ ኮንቸርቶ ውስጥ ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ብቸኛው ተጫዋች የፈለገውን የሚልበት ቦታ አለ፤ ካዴንዛ ይባላል። ቀድሞ በቦታው የሚፈጠር ነበር፤ ቤትሆቨን ለአራተኛው የራሱን ጽፏል፣ ብራምስና ሳን ሳንስም ጽፈውለታል። ስለዚህ «የማን?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሁለት ይሆናል፦ የማን አጨዋወት፣ የማን ካዴንዛ።

አንድ ሁለት ነገር ስለ አሰማሙ። እነዚህ ቅጂዎች ለታክሲ አልተሠሩም፤ ለስላሳው ቦታ ከሞተር ድምፅ በታች ይውላል፤ በስልክ ድምፅ ማጉያም የግራ እጁ ይጠፋል። የጆሮ ማዳመጫ ይጠቅማል። ዩቲዩብ ላይ ክፍሎቹ ተነጣጥለው ስለሚቀመጡና ማስታወቂያ በመሃል ስለሚገባ፣ ሙሉውን አንድ ላይ የያዘውን መፈለግ ይሻላል፤ ሲፈልጉም የደራሲውን ስም፣ የድርሰቱን ቁጥርና የተጫዋቹን ስም አብሮ መጻፍ። ስም ከሌለው ቅጂ የባለቤቱ ማንነት አይታወቅም፤ ሙዚቃ ቤቱ ይጠይቀን የነበረው ጥያቄ መልስ አያገኝም።

እማሆይም አሁን ድርሰታቸው «የማን?» ከሚባልባቸው ደራሲዎች ዝርዝር ገብተዋል። የድርሰቶቻቸው ኖታ በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ በመጽሐፍ ታትሟል፤ ሌሎች ፒያኒስቶችም እየተጫወቱት ነው። ከሰማኋቸው አንዳንዶቹ የቀኙን እጅ ከግራው ጋር በሰዓት ያሰለፉታል፤ ኖታው ላይ እንደዚያ ይመስላልና። ያኔ ዜማው ይኖራል፣ መንገደኛው ይጠፋል።