ከዓለም መጀመሪያ የቀሩትን ኒውትሪኖዎች ስለ ማጥመድ

ብርሃን ሊያሳየን የሚችለው ዓለም ከተጀመረ 380,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ኒውትሪኖዎች ግን በአንድ ሴኮንድ ገደማ ከሌላው ነገር ስለ ተለዩ የዚያችን ሰዓት ወሬ ይዘዋል። ዛሬም በያንዳንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 336 ያህል እንደሚገኙ ስሌት ያስረዳናል፤ ሆኖም ጉልበታቸው እጅግ የደከመ በመሆኑ አንዱንም በቀጥታ ያገኘ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1962 ስቲቨን ዋይንበርግ መንገድ አመለከቱ። ትሪትየም ራሱ እየፈረሰ ኤሌክትሮን ስለሚያወጣ፣ የሚዋጠው ኒውትሪኖ ጉልበት ማምጣት አያሻውም። ያን ጊዜ የሚወጣው ኤሌክትሮን በተራው መፍረስ ከሚወጡት ሁሉ በጉልበት ጥቂት ይበልጣል። ችግሩ ግን ሁለት ነው፤ ይኸውም ብልጫው ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት በታች መሆኑና፣ 100 ግራም ትሪትየም እንኳ በዓመት የሚይዘው በስሌት ከዐሥር ማነሱ ነው። ስለዚህ የትሪትየሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመለኪያው ጥራት ነገሩን ይወስናል ብለን እናምናለን።